ማረሻ የታሰረባት ጀልባ

አናጢው ገዳሙ ስለ ባሕር ሲያወራ የሚሰማው አልነበረም፤ አምበር አካባቢ ባሕር ምን ይሠራል? በደርግ ጊዜ ለውትድርና ታፍሶ ምጽዋ ደረሰ፤ አናጢነቱ ሲታወቅ መኮንኖቹ የሚዝናኑባቸውን ባለ ሸራ ጀልባዎች ይጠግን ጀመር። መንግሥቱ ሲወድቅ አገሩ ገባና በር፣ አልጋና የሬሳ ሣጥን እየሠራ ኖረ። የማያማርር ደንበኛ ያገኘሁት በሦስተኛው ብቻ ነው ይል ነበር።

በ1997 ዓ.ም. የመስኖ ግድብ ተሠራና የተጠራቀመው ውሃ መንደሩን ከቤተ ክርስቲያኑ ለየው። ቅዳሴ የሚሄድ ሰው ዙሪያውን መኳተን ግድ ሆነበት፤ ሰነፉ ደግሞ ጥሩ ሰበብ አገኘ። ገዳሙ ጀልባ ሠራ። የመጀመሪያዋ ሥሯ ጠፍጣፋ ስለነበር ነፋስ ሲመታት ወደ ጎን ተንሸራታ ጌታዋን ውሃ ውስጥ ደፋችው። ጎረቤቱ ሙላት ዳር ቆሞ፣ ይህ ሰው የለመደው ሣጥን ነው፣ ሰው ካልተጋደመበት አይረጋለትም አለ።

የጎደለው ኪል መሆኑን ገዳሙ ያውቅ ነበር። ኪል ከጀልባ ሆድ ሥር ቁልቁል የሚወርድ ክንፍ ነው፤ ሸራው ሲገፋት ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ይይዛታል፣ ግርጌው ከባድ ከሆነም ስትጋደል መልሶ ያቆማታል። እንጨቱን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከወደቀ ጽድ አገኘ። አስተዳዳሪው አባ ወልደ ሩፋኤል ሲፈቅዱለት ግን ቃል አስገቡት፤ ይህችኛዋም ከተገለበጠች ተፈልጣ ለንግሡ ድግስ ማገዶ ትሆናለች። ለክብደቱ ከየገበሬው ያለቀ ማረሻ ለምኖ፣ ደራርቦ በክንፉ ግርጌ በብሎን አሰረው። ሚስቱ ወለላ እርሻ የሚጠላ ባሏን በማረሻ ተከቦ ስታየው እንደ ተአምር ቆጠረችው። ክረምቱን ሙሉ ሌላ ሥራ አልነካም። ጀልባዋ ማገዶ ከሆነች ከአገር እንደሚጠፋ ለወለላ ነገራት፤ እሷም ስንቅ ልቋጥርልህ ወይ አለችው።

በሙከራው ቀን ሰዉ ዳር ላይ ተኮልኩሎ ሳለ ገዳሙ፣ ሙላትና ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ውሃው ከተዘረጋው የእንጨት መረማመጃ ገብተው ተቀመጡ። ጀልባዋ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ አባ መጡና አንድ እግራቸውን ጠርዙ ላይ አሳረፉ። ይኼኔ ሙላትና ሽማግሌዎቹ “ኖር!” ብለው ብድግ አሉ። ቄስ ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚቀር ሰው በዚያ አገር ገና አልተወለደም። ቦታ ለመልቀቅም ሦስቱም ወደ አንድ ጎን ተጠጉ። አባ “በእግዜር” ብለው ሳይጨርሱ ሁሉም ውሃ ውስጥ ነበሩ። ጀልባዋ ሸራዋ ውሃ እስኪነካ ተጋደመች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ተቃናችና ባዶዋን ቀጥ ብላ ቆመች።

ውሃው እስከ ደረት ስለነበር ክርክሩ እዚያው ተጀመረ። ሙላት ጭቃ እየተፋ ተገልብጣለች አለ። ገዳሙ የተገለበጥነው እኛ ነን እንጂ እሷማ ይኸው ቆማለች አለ። ሽማግሌዎቹ ለሙላት አደሉ፤ ሰውን ጥላ ራሷን ያዳነች ጀልባ ምን ትረባለች? ሁሉም ወደ አባ ዞሩ። አባ ጥምጣማቸውን ይጨምቃሉ።

“አባ፣ አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ” አለ ገዳሙ። “ሲገቡ ግን ማንም እንዳይነሣ።”

“ለኔ?”

“ለጳጳስም ቢሆን።”

አባ ጥምጣሙን ጨምቀው ጨረሱ። “እንግዲያው ግቡና ተቀመጡ” አሉ።

ሁለተኛው መሳፈር ከመጀመሪያው ይልቅ አስጨነቃቸው። ሽማግሌዎቹ እግራቸው በልማድ ብድግ እንዳያደርጋቸው ወንበሩን ጨብጠው ያዙ። ሙላት ካላየሁ አልገቡም በሚል ዓይኑን ጨፈነ። አባ ገቡ። ጀልባዋ ዘንበል ብላ ተመለሰች። ሸራው ነፋስ ሲይዝ በጎኗ ጋደድ አለች እንጂ ስንዝር አልተንሸራተተችም፤ ቀጥ ብላ ማዶ ሄደች። ኪሉ ጭቃ ስለነካ ዳሩ ድረስ አልቀረበችም፤ አባ እስከ ጭናቸው ውሃ ውስጥ ወረዱ።

ማገዶ ከሌላ ይፈለግ ብለው ፈረዱ። ፊታቸው ግን ቅር እንዳለው ሰው ነበር። ውሃ ውስጥ መውደቃቸውስ የእግዜር ሥራ ነው፤ ከቀሰሱ ወዲህ ኖር ሳይባሉ ሲቀመጡ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።