የቀረፋው ሀገር

ወደ አባቴ ሱቅ ገብቶ ሩብ ኪሎ ቀረፋ የገዛ ሰው ምርቃቱ ታሪክ ነበር። ሌላው የቅመም ተራ ነጋዴ ሁለት ፍሬ ኮረሪማ ጣል አድርጎ ደንበኛውን ይሸኛል። አባቴ ግን ቀረፋውን ከጠቀለሉ በኋላ ቶሎ አይሰጡም። አንዴ አሽትተው፣ «ይሄ ልጣጭ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ?» ይላሉ። ሴትየዋ አላውቅም ካለች አለቀላት፤ ታክሲዋም አመለጣት ማለት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን ጠቢቡ ንጉሥ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሲያሠራ መርከቦቹን ወደ እኛ ባሕር ላከ። መርከቦቹም ወርቁንና ዕጣኑን ከጫኑ በኋላ ከእኛ ተራራ የተላጠ ቀረፋ ይዘው ተመለሱ። ከዚያም በፊት ቢሆን፣ ነቢዩ በምድረ በዳ ቅዱሱን ዘይት ሲቀምም የገባበት ቀረፋ የእኛው ነው። «እንግዲህ ሻይሽ ውስጥ የምትጨምሪው ታቦት የተቀባበትን ነው» ብለው ሲጨርሱ፣ ሴትየዋ ጥቅሉን በሁለት እጇ ተቀብላ ትወጣለች። እንደዚያ የተቀበለች ደንበኛ ደግሞ ሌላ ሱቅ አትሄድም።

እኔ በልጅነቴ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ይህን ታሪክ ስሰማ ነው ያደግሁት፤ አምኜውም ነበር። ያበላሸኝ ትምህርት ነው። ታሪክ አጥንቼ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሆንኩ፤ ስለ ጥንት የባሕር ጉዞ ያነበብኩትም ያኔ ነው። የሰሜን ሰዎች፣ ግብፆቹም ግሪኮቹም፣ ቀረፋ የሚገዙት ከእኛው ባሕር ዳርቻ ስለነበር ወዲህ ያለውን ምድር የቀረፋ ሀገር ይሉት ነበር። እዚህ ድረስ አባቴ ልክ ናቸው። ችግሩ ዛፉ ነው። ዛሬ ደቡብ ምዕራብ ላይ ይተከላል፤ ያኔ ግን እዚህ አልነበረም። የበቀለው ሕንድና ከሕንድ ወዲያ ነው። ልጣጩ እኛ ዘንድ የደረሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ ነው፤ ነፋሱ መቼ ወዲህ፣ መቼ ወዲያ እንደሚነፍስ በሚያውቁ፣ ጀልባቸውን ያለ ምስማር በገመድ በሚሰፉ ሰዎች። ስማቸውን ማንም አልጻፈውም። ሊቃውንቱ በመንገዱና በዘመኑ እስካሁን ይከራከራሉ፤ በዛፉ ጉዳይ ግን እኔ አልጠራጠርም ነበር።

የአባቴ ጉልበት ሲደክም ጠመኔውን ትቼ ሱቁን ያዝኩ። እሳቸውም ሥራ አቆሙ ይባላል እንጂ አላቆሙም። በየጠዋቱ ራጉኤልን ተሳልመው ይመጡና ሚዛኑ አጠገብ ከእንጨት በተሠራው ዱካቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ታሪኩንም ከዚያው ይቀጥላሉ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቃል ሳልተነፍስ አዳመጥኩ። ዝም አይነቅዝም እያልኩ። ለእኔ ዓይነት አፈ ፈጣን ሰው ይህ ትልቅ ገድል ነው፤ ማንም አልመሰከረልኝም እንጂ።

ዝምታዬ ያለቀው ባለፈው ዓመት፣ የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእኛ ቤት በደረሰ ቀን ነው። ማኅበርተኞቹ አብዛኞቹ ከጎጃም መጥተው መርካቶ የነገዱ፣ የአባቴ እኩዮች ናቸው። ጸሎቱ ተደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ሲዞር አባቴ ያንኑ የመርከቦቹን ታሪክ አነሡ። ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን እንደ አዲስ ይሰማላቸዋል። እኔ ከንጋት ጀምሮ ስቆም ውዬ እግሬ አብጧል። ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ የታሪክ አስተማሪ አይደለሽ? የእናንተስ መጽሐፍ ምን ይላል?» አሉኝ።

ሰውየው የጠየቁኝ አባቴን ላስመሰግን ነበር። «እንዳሉት ነው» ብል ያልቃል። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ምናልባት የዚያ ሁሉ ዓመት ዝምታ ነው።

«ቀረፋ ያኔ እኛ ሀገር አልበቀለም» አልኩ። «የመጣው ከሕንድ ባሕር ማዶ ነው። የኛ ሰዎች ያስተላልፉ ነበር እንጂ የእነሱ አልነበረም።»

አንድ ሰው ብርጭቆውን አስቀመጠ። አባቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያ አርባ ዓመት ሙሉ ስዋሽ ኖሬአለሁ» አሉ።

«ውሸት አላልኩም አባባ...»

«እኔ ከአባቴ ሰማሁ፤ አንቺ ከመጽሐፍ ሰማሽ። ሁለታችንም ባሕሩን አላየነውም» አሉና ወደ ማኅበርተኞቹ ዞሩ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ጠላ ጨምሩ።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

በማግስቱ አባቴ ራጉኤል ተሳልመው ወደ ሱቅ ሳይሆን ወደ ቤት ተመለሱ። በሳልስቱም እንዲሁ። ጉልበቴን ነው አሉ። ደንበኞች ባዶውን ዱካ እያዩ «አባትሽ ደኅና ናቸው?» ሲሉኝ ደኅና ናቸው እላለሁ፤ ሆዴ ግን ያውቃል። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኚያን ሰውዬ በእግራቸው ያቆማቸው ያ ዱካ ነው። በዚያ ዕድሜ ቤት መዋል የጀመረ ሰው ደግሞ ወዲያው አልጋ መዋል ይጀምራል፤ ከሰፈራችን ስንቱን አይቻለሁ። ፈራሁ። አባቴን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዳልገድላቸው ፈራሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ስለ ምኑ? ዋሽተሻል?»

«አልዋሸሁም።»

«እንግዲያ ይቅርታው የምንድን ነው?»

በሰው ፊት ስላዋረድኳቸው ነው ልል እችል ነበር፤ ግን እሱን ብል ውርደቱን መልሼ መንካት ይሆንብኛል። ቀረፋው የእኛ ነው ብል ደግሞ እኔም አላምንበት፣ እሳቸውም አያምኑኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ለካ እውነት ተናግሮ ለሚጎዳም ይሆናል።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ያዳነኝ ጎረቤታችን ነው፤ ከጎናችን ቅርንፉድና ሄል የሚሸጥ የስልጤ ሰው፣ ከአባቴ ጋር ሲቀላለድ የሚውል። ጠዋት ሱቁን እየከፈተ፣ «እህቴ፣ ጋሼን በነገር አትመልሻቸውም» አለኝ። «በነገር ነው የሄዱት። በሥራ ጥሪያቸው።»

በሁለተኛው ቀን ስድስት ጆንያ ቀረፋ ገባልኝ። እውነቱን ለመናገር ቀረፋ መለየት እኔም እችላለሁ፤ እንደ አባቴ ግን አይደለም። እሳቸው አንዷን ጥቅል ጆሯቸው አጠገብ ይሰብሯታል፤ በድምፁ መድረቁን፣ በመዓዛው ዕድሜውን ይናገራሉ። ደወልኩላቸውና፣ «አባባ፣ የዚህኛው ጭነት ነገር አላማረኝም፤ እርጥበት የገባው መሰለኝ» አልኩ። የመጀመሪያ ውሸቴ ይቺ ነች፤ ንስሐዋንም ገብቻለሁ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሰላምታም ሳይሰጡኝ አልፈውኝ ጆንያው ጋ ቆሙ። ሰበሩ፣ አዳመጡ፣ አሸተቱ። «ምን ሆኖ ነው? እንዲህ ያለ ቀረፋ ከየት ይገኛል!» አሉ። ከዚያ እጃቸው እንደ ልማዱ ሄደ፦ ባዶ ጆንያ አንሥተው ውስጡን ወደ ውጭ ገለበጡትና ቀረፋውን ወደሱ ማዛወር ጀመሩ።

ይህ የቤታችን ሥርዓት ነው። ዕቃ ሲገባ የውጭ ጽሑፍ ካለበት ጆንያ ይወጣና፣ ጽሑፉ ወደ ውስጥ በዞረ ጆንያ ይሞላል። የእኛ ብቻም አይደለም። ዱባይ ተራ ብትሄዱ ካርቶኑን ቀዶ ጥሎ ጫማውን ብቻ የሚደረድር ሞልቷል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስገለብጥ የኖርኩትን ጆንያ ያን ቀን ገና ያየሁት መሰለኝ።

«አባባ፣ ለምንድን ነው የምንገለብጠው?» አልኳቸው።

«ምን ነካሽ ዛሬ? ከየት እንደሚያመጣ ያሳየ ነጋዴ በማግስቱ ማን ይገዛዋል? ሁሉም ወደ ምንጩ ይሮጣል።»

«ገዢው ሲጠይቅስ?»

«የኛው ነው ትያለሽ። ሌላ ምን ትያለሽ?»

«እነሱም እንደዚያ ነዋ ያሉት።»

«እነማን?»

«ያኔ በባሕሩ ዳር የነበሩት የኛ ሰዎች። ቀረፋውን ውቅያኖስ ተሻግረው ከመጡት ጀልበኞች ይገዛሉ። ከሰሜን የመጣው ገዢ ከየት ነው ሲላቸው የኛው ነው ይላሉ። በዚህ ዘዴ ነው ስንት ዘመን የቀረፋ ሀገር ተብለን የኖርነው። ግሪክ ይሁን ሌላ፣ ዛፉን ፍለጋ ተራራ ለተራራ ቢንከራተትም አያገኘውም።»

አባቴ ግማሽ የሞላውን ጆንያ እንደያዙ ቀሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ደነገጥኩ፤ ያመማቸው መሰለኝ። ሳቅ ነበር። ጎረቤታችን ምን ሆናችሁ ብሎ እስኪመጣ ድረስ ሳቁ።

«ገልብጠውታል በይኛ!» አሉ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ያን ሁሉ ነጋዴ! ገልብጠውበታል!»

«ገልብጠውበታል።»

«ታዲያ ያን ቀን እንዲህ ብለሽ አትነግሪኝም? የእነሱ አልነበረም ስትይ እኮ ሌባ ያደረግሻቸው መሰለኝ። ነጋዴ ናቸው አትይኝም!»

ደስታዬን እንዴት ብዬ ልናገር? ያን ዕለት ሱቁ በር ላይ ለሚቆሙት ተሸካሚዎች ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ። አባቴ ዱካቸው ላይ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውንም ሚዛኑ ላይ እንደ ድሮው ጣሉት። ነገሩ አልቋል ብዬ ነበር። አላለቀም። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሰላስሉ ሰነበቱና በሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ «ጠይቄአለሁ» አሉኝ። የነፍስ አባታቸውን ማለታቸው ነው። «የቅዱሱ ዘይት ትእዛዝ ቀረፋ አምጣ ይላል እንጂ ከየት አይልም። ዘይቱ ያው ነው። ይልቅስ የአንቺ ጀልበኞች ያን ውቅያኖስ ያለ ምስማር እንዴት ተሻገሩት? እሱን መጽሐፍሽ ይናገራል?»

«በነፋሱ ነው።»

«ነፋሱን ማን ላከው?» አሉ። ይህን እንደ መልስ ቆጥረውታል። እኔም መልስ አይደለም አላልኩም። ያን ጊዜ ያህል ከአባቴ ጋር ተስማምቼ አላውቅም፤ በምን እንደተስማማን ግን ብትጠይቁኝ አላውቀውም።

በሚቀጥለው ማኅበር ላይ አባቴ ታሪኩን ራሳቸው አረሙት። ሙሴው እንደነገሩኝ፣ ልጄ አስተካከለችኝ ብለው ጀመሩ፤ ጆንያው ጋ ሲደርሱ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ የቀድሞ ጨርቅ ነጋዴዎች ሁሉ የየራሳቸውን መገልበጥ መናዘዝ ያዙ። እኔ በቦታው አልነበርኩም። ሙሴው ሲነግሩኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ሙሽራ ለድግስ ቅመም ልትገዛ መጣች። አባቴ ቀረፋዋን ጠቀለሉ፤ አሸተቱ፤ «ይሄ ልጣጭ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አላውቅም ጋሼ። ከየት ነው?»

አፋቸውን ከፍተው ተዉት። ጥቅሉን እሷ እጅ ላይ ሳይሆን እኔ እጅ ላይ አስቀመጡት።

«አንቺ ንገሪያት» አሉኝ። «ንጉሡን ግን እንዳትዘልዪብኝ።»

አልዘለልኩትም።