በጌም መጫወቻ የላክሁት የእናቴ ቃል

ሚሊኒየሙን ካከበርን ሁለት ዓመት ግድም ቢሆነን ነው። ዛሬም አቃቂ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ባየኝ ቁጥር በዚሁ ጉዳይ ስለሚስቅብኝ፣ ልርሳው ብል እንኳ የሚያስረሳኝ የለም። ሌላ ሰው አጣሞ ከሚያወራው ራሴ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ያኔ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መዝጋቢ ነበርኩ። ላገባት የፈለግኳት ልጅ ሰናይት ትባላለች። አባቷ አቶ ገለታ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ቃላቸውም እንደ ሐዲዱ አይታጠፍም። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ፣ ሁለት ጊዜ መለሱብኝ። "አባቱ የሉም፣ እሺ። እናቱ በሕይወት እያሉ ቃላቸውን ሳልሰማ ግን ልጄን አልሰጥም። ሦስተኛ ጊዜ ባዶ እጁን ለሚመጣ ሽማግሌ በር አልከፍትም" አሉ። እናቴ ደግሞ መርሐቤቴ እግሯ ተሰብሮ ተኝታለች።

የአክስቴ ልጅ አገር ቤት ሄዶ በስልኩ ቀርጿት መጣ። ምን ዋጋ አለው! የስልኩ ስክሪን የክብሪት ቀፎ ያህላል፣ ድምፁ የትንኝ ነው። የአቶ ገለታ ጆሮ ደግሞ ደከም ብሏል። ያኔ ነው ከዱባይ የተላከልኝ በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ትዝ ያለኝ። ስክሪኑ ሰፊ፣ ድምፁ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ነው። ችግሩ ከኳስ ጨዋታ በቀር ሌላ ነገር አያውቅም።

መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል የሚጠግነው ነስሩ ጋ ከአክስቴ ልጅ ስልክ ጋር ይዤው ሄድኩ። "ቪዲዮ ማጫወቻ ልጫንበትና ሲኒማ ቤት ይሁንልህ" አለኝ። ግማሽ ቀን ታገለው። በመጨረሻ "ድምፁን ልሞክር፣ እስቲ የሆነ ነገር ተናገር" ብሎ ያንኑ ስልክ ፊቴ ላይ ደቀነ። ሆዴ ሞልቶ ነበርና ዘረገፍኩት። ከዚያ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ መጫወቻው ገለበጠው። ሁሉንም መሆኑን እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

እሑድ ዕለት እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎቼ እንደገና ተነሡ። አለቃዬ ጋሽ ደምሴና ሁለት የእድራችን አባቶች ናቸው። ጋሽ ደምሴ መጫወቻውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው "ይሄ ነገር እምቢ ቢለኝስ?" አሉ። "ይህችን አንዴ መጫን ብቻ ነው" አልኳቸው። በወጉ መሠረት እኔ እዚያ ቤት አልገባም። ቢቸግራቸው እንዲጠሩኝ ብዬ ግን አጥሩ ሥር ቆምኩ።

ሰላምታው አለቀ፣ ምርቃቱ አለቀ፣ የእናቴ ድምፅ መጣ። እናቴ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ከአጥር ውጭ ቃሉ አይለይም። ስትጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ተመስገን፣ ልባቸው ተነካ ማለት ነው አልኩ።

ጸጥታውን የሰበርኩት እኔው ነኝ። ለካ ማጫወቻው አንዱን ሲጨርስ በራሱ ወደሚቀጥለው ይሄዳል!

"ምን ልናገር? ሦስት ሽማግሌ ላክሁ፤ አንዱ ያንቀላፋል፣ አንዱ ጠላ ሲያይ የተላከበትን ይረሳል፣ ደምሴ ደግሞ ስለ ኩላሊቱ ሲያወራ ውሎ ይመለሳል። እኔው ራሴ ብሄድ ይሻለኝ ነበር!"

ደምሴ ነው ያልኩት፣ ጋሽ እንኳ የለውም። በሕይወቴ አንቱ ብያቸው የማላውቅ ይመስል! "ማጥፊያው የቱ ነው?" የሚል የጭንቅ ድምፅ ሰማሁ። የሆነ ነገር ተጫኑ መሰለኝ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ከዚያ አቶ ገለታ ሲስቁ ሰማሁ። ሰናይት እንደነገረችኝ እሷ እንኳ አባቷ እንደዚያ ሲስቁ አይታ አታውቅም። ሽማግሌዎቼ ግን ተከታትለው ወጡ። ጋሽ ደምሴ መጫወቻውን እጄ ላይ አስቀመጡና "እንካ። አንተ ሽማግሌ አያስፈልግህም፣ ዕቃህ ይናገርልህ" ብለውኝ ሄዱ።

አቶ ገለታ በሩ ላይ ቆመው የሣቅ እንባቸውን እየጠረጉ "ሽማግሌ ተቀይሞ ከወጣበት ቤት ልጅ አይዳርም። ታረቅና ይዘሃቸው ና" አሉኝ።

ማን ያስታርቀኝ? የለመንኩት ሁሉ "እኛንስ ምን ብለኸን ይሆን?" እያለ ሸሸኝ። ሰናይት ስታለቅስ ሰነበተች። መጨረሻ ላይ አቶ ገለታ ራሳቸው ከዘራቸውን አንሥተው "ና ተከተለኝ" አሉ። የሴቷ አባት የወንዱን ሽማግሌዎች ሊለምን ሲሄድ ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ አየን። እኔ በአንገቴ ድንጋይ ተሸክሜ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ።

ጋሽ ደምሴ አክብረው አስቀመጡን። እስክንጨርስ አዳመጡን። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው "መልካም፣ መክረን እናሳውቃችኋለን" አሉ።

አቶ ገለታ መንገዱን ሁሉ ሲነድዱ ሄዱ። "ምን ዓይነት ልበ ደንዳና ነው በእግዚአብሔር! ትልቅ ሰው እንዲህ ይመላለሳል?" እኔ ድንጋዬን ይዤ ጭጭ። አንዴ ተናግሬ ያየሁት ይበቃኛል።

በሦስተኛው ሄደን ታረቁኝ። ሰናይትንም አገባሁ። ሰፈሩ "ልጁ እውነቱን ስለተናገረ አማቹ ወደዱት" እያለ ሲያወራ እኔም አምኜ ስኮራበት ኖርኩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ነው አንድ ቀን ይህንኑ ለአቶ ገለታ ያነሣሁላቸው።

"የምን እውነት?" አሉኝ ተገርመው። "እናትህ 'እግሬ ቢከዳኝ ቃሌ ደጅዎ ቆሟል፤ እኔ ሳልፍ አባት እንዲሆኑት ነው የምለምንዎ' ሲሉ እኮ ልሰጥህ ወስኜ ነበር። እሺ ልል አፌን ስከፍት አንተ ቀደምከኝ።"

ይህንን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት መስማቴ ነበር። ነስሩ ሱቅ ውስጥ ድምፁ መውጣቱን፣ ምስሉ መጥራቱን እንጂ ምን እንደምትል ልብ ብዬ አልሰማሁም። መጫወቻው ከተሰበረ ቆይቷል፣ የአክስቴ ልጅም ስልኩን ሸጦታል። ሰው ሲስቅብኝ አብሬ እስቃለሁ። የሚያንገበግበኝ ግን እናቴን ለሰው ለማሰማት ያን ሁሉ ደክሜ፣ ያላዳመጥኳት እኔ ብቻ መሆኔ ነው።