ሪራ ላይ የቆመው ወፍጮ

ከሮቤ የወጣነው ጭጋጉ መንገዱን ሳይለቅ ነው። አብሬያቸው የሄድኩት የመካኒካል ምህንድስና ፕሮፌሰር የሞተር ክፍሎች ሲፋተጉ እንዴት እንደሚበሉና ዘይት እንዴት እንደሚጠብቃቸው ያጠናሉ። እኔ ሙያውን ከመጽሐፍና ከጋራዥ በራሴ የተማርኩ ነኝ፤ ሥራዬ ለጥናታቸው ከደጋ ወፍጮዎች ሞተር ያገለገለ ዘይት መቅዳት ነበር።

ጎባ ላይ ሻይ በቦምቦሊኖ ቀመስን። ሰነቴ አምባ ላይ ነፋሱ የመኪናውን በር አላስከፍት አለ፤ ከጅብራ ተክል በቀር ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር አይታይም።

ሪራ

የወፍጮው ባለቤት ሰው ሁሉ በአክብሮት አዴ የሚላቸው ዘይነባ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሞተሩን የሚያስነሱት ራሳቸው ናቸው። ዘይቱን ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደረግሁት። ቀጥኗል፤ ላምባ ላምባ ይሸታል፤ መሐሉ ላይ መዳብ የመሰለ ብናኝ ያብለጨልጫል።

«ላምባ ይጨምሩበታል?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ጠዋት በርዶት አልነሳ ሲል ነዋ! እርስዎስ ሲበርድዎ ትኩስ ነገር አይሉም?»

«ይህ የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመው ኩሽኔታ ብናኝ ነው። ላምባው ዘይቱን አቅጥኖት ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። ከእንግዲህ በዚህ ዘይት አያስነሱት፤ ለብርድ የተሠራ ዘይት አለ።»

«የት?»

«አዲስ አበባ።»

አዴ ዘይነባ ሳቁ። ሳቃቸው አልቆየም። በሩ ላይ ጎረቤታቸው ፋጡማ የገብስ ጆንያዋን ተደግፋ ቆማለች። አማቷ ሞተው ቤቷ በለቀስተኛ ተሞልቷል።

«ወላሂ፣ የእሷን ብቻ» ብለው አዴ ዘይነባ ሞተሩን አስነሱት።

ጆንያው ሳይጋመስ ሞተሩ ውስጥ መንኳኳት ተሰማ። ከዚያ አንድ ጊዜ ጮኾ ደረቀ። ቀበቶው ተንሸራቶ ወደቀ። ፋጡማ «ያ ረቢ!» አለች።

«ነግረውኝ ነበር» አሉ አዴ ዘይነባ ወደ ፕሮፌሰሩ ሳይዞሩ፤ «ግን በምን አፌ ልመልሳት?»

መልስ

ያልተፈጨውን ገብስ ከፋጡማ ጋር ጭነን ወደ ጎባ ተመለስን። 

«የጎባው ወፍጮስ ጤነኛ ነው?» አለች ፋጡማ ሰነቴን ስናልፍ።

ፕሮፌሰሩ «አላየሁትም» አሏት። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አወረድናት፤ ወደ ሪራ የሚመለሰው አውቶቡስ የነገ ነው።

ሮቤ ስንገባ መሽቷል። ከሪራ የቀዳሁት ዘይት ያለበት ጠርሙስ ላይ የቦታውን ስም ጻፍኩና አስቀመጥኩት። እስከዚያ ቀን ሞተሩን የሚያበላሽ ጉዳቱን ያላወቀ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። አዴ ዘይነባ ግን እያወቁ አስነሱት።