ለጌታው የተነሳን ዕለት

የአያቴ አርባ በወጣ በሳምንቱ እዚህ ኮን ከተማ የትምህርት ቤታችን የታሪክ ቀን ደረሰ። ተማሪዎቹ በየዓመቱ የመሬት ላራሹ አዋጅ ገበያው ላይ የተነበበበትን ቀን በቲያትር ያሳያሉ። አያቴም በየዓመቱ ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ሆነው ያቋርጧቸው ነበር።

ተማሪዎቹ እየጨፈሩ ባለመሬቱን ጌታ ሲያባርሩ፣ አያቴ በዱላቸው መሬቱን እየመቱ፣ «እንዲያ አይደለም! እልል ብለን ሳንጨርስ ጌታው ብቅ ቢል፣ ሁላችንም ተነስተን ጋቢያችንን አደገደግንለት። መሬቱ የእኛ ሆኖ ሳለ! ይኸንንም አሳዩ እንጂ!» ይሉ ነበር። መምህሩ «እሺ አባባ» ይላቸዋል፤ ግን አንድም ቀን አልጨመረውም። እኔ ደግሞ በሀፍረት አንገቴን እደፋለሁ።

ዘንድሮ ቦታቸው ላይ ማንም አልተቀመጠም። ከጎኑ ሆኜ፣ ከእንግዲህ የሚያቋርጥ የለም ብዬ ሆዴ ባባ።

ጌታውን የምትጫወተው ተማሪ የጥጥ ጢም ለጥፋ ብቅ አለች። ጭፈራው ቀጥ አለ። ተማሪዎቹ ተራ በተራ በክብር እየቆሙ ጋቢያቸውን አደገደጉ። መምህሩ ወደ ባዶው ቦታ ተመለከተ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ «እውነት ነው፣ እንዲሁ ነበር የሆነው» አሉ። ይኸን እንዳሉ እሳቸውም፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎችም፣ ለዚያ የጥጥ ጢም ብድግ! እኔም ሳላስበው ቆሜያለሁ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ።

እፎይ ይበሉ አባባ። ዘንድሮ ለጌታው ያልተነሱት እርስዎ ብቻ ነዎት።