ሐና የቅጠል አክሊል የደፋችበት ቀን

የዚያን ዕለት የነበርነው እኔ፣ ልጄ ሐና፣ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽና የሐና አስተማሪ ነን። የበኩር ልጄ ዮናስ አልነበረም። ሐና ከዩኒቨርሲቲ የምትመረቅበት ቀን ነው፤ እኔ ግን በሰው አገር ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከማርቲንዴል የተነሣሁት ለሁለት ጉዳይ ነበር። ዮናስ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሰሜን፣ ወደ ነዳጅ ዘይቱ ሠራተኞች ካምፕ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከፋሲካ በፊት ደውሎ፣ ለምርቃቷ እመጣለሁ፣ እዚያው እንገናኝ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሣም።

በመንገድ

ይዘንባል ብዬ ጃንጥላ፣ ይበርዳል ብዬ ጋቢ፣ ይርበዋል ብዬ ለዮናስ ዳቦ ያዝኩ። እትዬ በላይነሽ ሸክሜን አይተው፣ "አንቺ፣ ደግሞ ልትሰደጂ ነው እንዴ?" አሉኝ። በአውቶቡስ፣ ከዚያም በባቡር መሀል ከተማ ገባን። በየማዕዘኑ ክሬን ቆሟል፤ ዘይቱ ከወጣ ፎቁም ይወጣል። የሥራ ቦት ጫማ ያደረገ ጎረምሳ በተሳፈረ ቁጥር ፊቱን አያለሁ። ባቡር ቀይረን ወንዙን ተሻገርንና ደረስን።

ከአዳራሹ ውጭ

የሐና ስም ሲጠራ ዐይኔ በሩ ላይ ነበር። ሲያልቅ አስተማሪዋ ሳሩ ላይ ጠበቁን። ወላጆቻቸው ከጣሊያን የመጡ ሽማግሌ ናቸው። በአባቶቻቸው አገር ተመራቂ የቅጠል አክሊል ይደፋል ብለው፣ ቤት ውስጥ ከሚያሳድጉት ዛፍ የጎነጎኑትን ራሷ ላይ አደረጉላት። ሎረል ይባላል፤ ፈረንጆች ሾርባ ውስጥ የሚጨምሩት ቅጠል ነው።

እኔ የቀዳም ስዑር ቄጤማ መሰለኝ። ቄጤማ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ አይሰጥም። ቄሱ ለሁሉም ያድላሉ፣ ሁሉም ራሱ ላይ ያስራል፣ ላልመጣም ይወሰድለታል። እጄን ሰድጄ ከአክሊሉ አንድ ቀንበጥ ቀንጥቤ ለእትዬ በላይነሽ ሰጠኋቸው። ሌላ አንድ ደግሞ ለዮናስ ብዬ መሐረቤ ላይ ቋጠርኩ።

"እማዬ፣ ፕሊዝ፣ የኔ እኮ ነው" አለች ሐና።

እትዬ በላይነሽ ግን ሻሻቸው ላይ ሰክተውታል። "ተመርቄያለሁ፣ አትንኩኝ" አሉ።

እኔ አፈርኩ። አስተማሪው ስቀው ታሪኩን ነገሩን፤ ሐና ተረጎመችልኝ። በጥንት ግሪኮች ተረት አንድ አምላክ የወደዳትን ልጃገረድ ሲያሳድድ፣ ሊይዛት ሲል ዛፍ ሆነችበት። የዜማና የግጥም አምላክ ነበርና፣ ቅርንጫፏን ቀንጥቦ ራሱ ላይ አሰረው። ከዚያ ወዲህ ገጣሚዎች፣ ኋላም ምሁራን በዚያ ቅጠል ተከበሩ። በክረምት ስለማይረግፍ፣ ክብሩም አይረግፍም ማለት ነው አሉ።

"ታዲያ ልጅቷ ተመለሰች?" አልኩ።

ሐና ጠየቀቻቸው። "ኖ፣ እማዬ። ቅጠሏ ብቻ ነው የቀረው።"

ወደ ቤት

ባቡሩ ውስጥ ሐና አክሊሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ አክሊል የሚደፋው ያገኘ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ የደፋው ያጣ መሆኑን በዚህ መንገድ ተማርኩ። ቤት ስንገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ቤቱ ስልክ ሄድኩ። መልእክት የለም።

ይህን የምታነቡ፣ ከሰሜን ካምፕ ለእረፍት የምትመጡ ልጆች፣ ዮናስ ረጅም ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ያያችሁት ካላችሁ፣ ደህና መሆኑን ብቻ ንገሩኝ።