ልብስ ተኳሿና ጋሬጣ

እሜቴ ብለው የሚጠሯት ደንበኞቿ ናቸው እንጂ ሥራዋ ልብስ መተኮስ ነው። ከገበያው ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው «እስቲ አሳልፉኝ» የሚልባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። እንደገቡ የእሷ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ እዚህም እዚያም የተለበለበ ብርድ ልብስ፣ ከላይ ሽቦ ላይ የተሰቀለ የሸሚዝ መዓት። ጥግ ላይ ከመስኮቱ ሥር የባሏ የስፌት መኪና ተቀምጧል። ባልየው ዚፕ ይቀይራል፣ ቁልፍ ይተክላል፣ የተቀደደ ኪስ ይጠግናል፤ አገር ምድሩ ጋሼ ዚፕ ይለዋል። ሥራው ዚፕ ስለሆነ ብቻ መሰላችሁ? አፉም ዝግ ነው እኮ! «እንዴት ዋልክ?» ሲሉት አንገቱን ነቅነቅ፣ «መቼ ይደርሳል?» ሲሉት ጣቱን ወደ ነገ ጠቆም። «ዝም አይነቅዝም» የተባለው ለእሱ ነው።

እሷስ? እሷማ እሳት የላሰች ናት! ካውያው በእጇ ሲንሸራተት ምላሷም አብሮት ይንሸራተታል። ትምህርቷን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው፤ እናቷ ወገቧን ስትታመም «ለጊዜው» ብላ ካውያውን ተረከበች፣ ተረክባው ቀረች። አላዘነችም ብል ውሸታም እሆናለሁ። ግን ሐዘንን አቅፎ መቀመጥ አይሆንላትም። «ያልተተኮሰ ሸሚዝ እያለ ማን ያለቅሳል?» ትላለች።

የእሷ ዓለም ቅዳሜ ነው። በቅዳሜው ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ መስቀለኛ ቃላት ይወጣል፤ አዘጋጁ ራሱን «ጋሬጣ» ብሎ ይጠራል፣ ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። የሌሎቹ መስቀለኛ ቃላት «የዶሮ ባል ማን ነው?» ዓይነት የሕፃን ጥያቄ ነው። ጋሬጣ ነገር ያጣምማል፤ ሹም አይል፣ ሀብታም አይል፣ አማት አይል፣ ያገኘውን ሁሉ በነገር ይወጋል። እሜቴ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ዳር ትዘረጋና እየተኮሰች ጥያቄውን ጮክ ብላ ታነባለች። ደንበኛው ይሰበሰባል። ከሁሉም የማይቀሩት ሁለት ናቸው፦ ጃኬቷን ለማስተኮስ የምትመጣው የፍርድ ቤት ጸሐፊና ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት የሆነው ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪ።

«ስሙ እስቲ» ትላለች። «‹ሹሙ በአደባባይ ማለ። ቤቱ ገብቶ መሐላውን ሲገለብጠው ምን ሆነ? ሁለት ፊደል።›»

«ዋሸ!» ትላለች ጸሐፊዋ።

«ከዳ!» ይላል ዳቦ ጋጋሪው።

«ገልብጡት እያላችሁ እኮ ነው! ‹ማለ›ን ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት።»

ሁሉም በየከንፈራቸው ይገለብጡትና ሱቋ በሳቅ ትናጋለች። «ለማ! ለማ!» እያለ ዳቦ ጋጋሪው ጠረጴዛውን ይደበድባል፤ እሷ ግን ጽፋ ከጨረሰች ቆይታለች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ትለዋለች፣ እሱም ይስቃል። ወዲያው ሌላ ታነባለች፦ «ደመወዝ ሲያልቅ ጫፉ ላይ የሚቀርህ።» መልሱ ወዝ ነው፤ ቃሉ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሏል። ይሄኔ ከደመወዙ ወዙ ብቻ የቀረው ሁሉ «አንጀቴን አራሰው!» ይላል።

ለእሜቴ ግን ነገሩ ሳቅ ብቻ አልነበረም። ሸሚዝ ዛሬ ቢተኮስ ነገ ይጨማደዳል፤ ዕድሜ ልኳን የለፋችበት ሥራ ሁሉ ሰው ላይ ተጨማዶ ቀርቷል። ያ የሞላ ሠንጠረዥ ግን አይጨማደድም። ሳታጠፋ፣ ሳትሰርዝ፣ በእስክሪፕቶ ሞልታ ስትጨርስ «ይህን በራሴ ጭንቅላት ነው ያደረግሁት» ትላለች ለራሷ፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የቀረችው ልጅ ያን ጊዜ ውስጧ ቀና ትላለች። ደግሞም ጋሬጣን ትወደዋለች፣ ምን ይደበቃል! «ወይ ይሄ ሰውዬ! እንዲህ ዓይነት ጭንቅላት ያለው ወንድ የት ይገኛል?» ትላለች በሰው ፊት። ጋሼ ዚፕ ያን ጊዜ አንገቱን ይበልጥ ደፍቶ መኪናውን ያስጮኸዋል።

እዚህ ላይ አንድ የቤት ገመና ልንገራችሁ። የድሮ ልብስ ተኳሾች ውሃ በአፋቸው ይዘው ነበር ሸሚዝ ላይ እፍ የሚሉት፤ እናቷም እንደዚያው። እሜቴ ስትዳር እናቷ «ልጄ፣ በባልሽ ስትናደጂ አፍሽን በውሃ ሙዪና ንዴትሽ እስኪበርድ እንዳትውጪው» ብላ መከረቻት። እነሆ እስከ ዛሬ ቤቷ ውስጥ ስትናደድ ብርጭቆ ታነሳለች፣ ጉንጯን ነፍታ ቆማ ባሏን ታፈጥበታለች። ይህን የሚያውቅ ከባሏ በቀር ማንም የለም። ሱቅ ውስጥስ አትናደድም? ትናደዳለች እንጂ! ግን ለደንበኛ ውሃ አታባክንም፤ እዚያው ልክ ልኩን ነው የምታጠጣው።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ሠንጠረዡ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ሸሚዝ ላይ እንዳጎነበሰች ቀጣዩን ጥያቄ ማንበብ ጀመረች።

«‹ስትናደድ አፏን በውሃ ሞልታ የምትቆም...›»

ድምጿ ቆመ። ካውያውን አነሳችና ማስቀመጫ ብረቱ ላይ አቆመችው።

«ጨርሽው እንጂ!» አለች ጸሐፊዋ። እሜቴ አልሰማቻትም። ጸሐፊዋ ጋዜጣውን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጨረሰችው፦ «‹...ከዋጠችው ግን ሸሽተህ አምልጥ። ማን ናት? ሦስት ፊደል።› መካከሏ ‹ስ› ነው።»

ጥግ ላይ የስፌት መኪናው ዝም አለ።

እሜቴ ዞራ ባሏን አየችው። ባሏ መርፌውን ያያል፣ ጣራውን ያያል፣ እሷን ብቻ አያይም፤ ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቷል። ለካስ! ለካስ ጋሬጣ ሲባል የኖረው ይሄ የማይናገረው ሰውዬዋ ነው! ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። ሲያቀልልኝ ኖሯል፣ አለች በልቧ። ምን እንደማውቅ ምን እንደማላውቅ አብጠርጥሮ ያውቃል፤ ሚስቱ ደስ እንዲላት የምትችለውን እየመረጠ ሲያጎርሳት ኖሯል። እንግዲያ ያ ሁሉ የሞላ ሠንጠረዥ የእሷ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ስታስብ ነደዳት፣ እጇም ሳታዝዘው የውሃ መርጫውን ጠርሙስ አነሳ፤ ክዳኑን ፈታ፣ አፏን ሞላች፣ ጉንጯን ነፍታ ባሏ ላይ አፈጠጠች።

ዳቦ ጋጋሪው ግራ ገባው። ጸሐፊዋ ግን ምስክር ስትመዘግብ የኖረች ሴት ናት፤ ጋዜጣውን አየች፣ የእሜቴን ጉንጭ አየች፣ የጋሼ ዚፕን ጆሮ አየች።

«ሚስቴ!» ብላ ጮኸች። «መልሱ ‹ሚስቴ› ነው! ጋሼ... አንተ ነህ እንዴ ጋሬጣ?»

«ወይ ጉድ!» አለና ዳቦ ጋጋሪው ጭንቅላቱን ያዘ፤ ፀጉሩ ሁሉ ዱቄት ሆነ።

እሜቴ ውሃውን ዋጠችው። ጋሼ ዚፕ በሩን አየ፤ መንገዱ በሰው ተዘግቷል።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለችው። «እውነቱን። ስታቀልልኝ ነው የኖርከው?»

ይሄኔ ያ ዝምተኛ ሰውዬ ከወንበሩ ተነሳ። ዓይኑን አፍጥጦ፣ ሲተክል የነበረውን ዚፕ በእጁ እንዳንጠለጠለ፣ ማንም ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ ጮኸ።

«ላቅልልሽ? አንቺን? እኔ እኮ አንቺን ለማሸነፍ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት! የጋዜጣው አዘጋጅ ‹በዛ፣ አንባቢው እያማረረ ነው፣ ትንሽ ቀለል አድርገው› እያለ ሲለምነኝ ‹አንዲት ሴት አለች፣ እሷን ሳልጥል አላቀልም› ስለው ኖርኩ! ሰውዬው ደንበኛሽ ነው፤ ጥያቄዎቹን አንቺ በተኮስሽው ሸሚዙ ኪስ ውስጥ እየከተትኩ፣ በየሳምንቱ ‹አሁንስ ያዝኳት› እያልኩ እወስድለታለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ይመጣል፣ አንድ ሸሚዝ ተኩሰሽ ሳትጨርሺ ግማሹን ትሞዪዋለሽ! ይችኛዋን ደግሞ የጻፍኳት ማንም ቢፈታት እሷ አትፈታትም ብዬ ነው። ሰው የገዛ ራሱን መቼ ያያል ብዬ! እስኪያልቅ እንኳ አላነበብሽውም!» አለና ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «አቃጠልሽኝ እኮ!»

እሜቴ አንድ በአንድ ቃሉን አጣጣመችው። አላቀለለላትም። አንድም ቀን አላቀለለላትም! ፊቷ ቀስ እያለ በራ፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋም አብሮ መጣ፣ የትኛው እንደቀደመ እሷም አላወቀችም።

«ታዲያ ለምን ደበቅከኝ?»

ጋሼ ዚፕ ድምፁ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። «እጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል» አለ ዝግ ብሎ። «ጋሬጣን ስታወድሺው እሰማለሁ። እኔ መሆኔን ብታውቂ ይረክስብሻል ብዬ ፈራሁ።»

«አንተ ጅል!» አለችው በሰው ሁሉ ፊት። «ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ ልቤ በማላውቀው ወንድ ተሰረቀ እያልኩ ስንት ቅዳሜ በሰቀቀን እንደተቃጠልኩ ታውቃለህ?»

«በሕግ ያስጠይቃል» አለች ጸሐፊዋ ዓይኗን በጃኬቷ እጅጌ እየጠረገች። «ተከሳሹ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።» ዳቦ ጋጋሪው ሮጦ ትኩስ ዳቦ አመጣና ለቆመው ሁሉ አደለ።

ሠንጠረዡ ገና አልሞላም ነበር። እሜቴ «ሚስቴ» ብላ ጻፈችና ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈች። ጋሼ ዚፕ አፉን ሊከፍት ሲል «ዋ! ትንፍሽ ብትል!» ብላ አስጠነቀቀችው። ከዚያ በእግሯ አንዱን በርጩማ ወደ ጠረጴዛዋ ዳር ገፋችለት።

መጥቶ ተቀመጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳያስታውቅበት አንገቱን መኪናው ላይ ደፍቶ በጆሮው ብቻ ነበር የሚከታተላት። አሁን ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ቀና ብሎ አያት፤ ግንባሯ ሲቋጠር፣ ከንፈሯ ፊደሎቹን ሲገለብጥ፣ ከዚያ መልሱ ሲመጣላት ዓይኗ ሲበራ። ያን ሁሉ ጥያቄ ሲጽፍ ኖሮ ይህን ፊት ያየው ገና ያን ቀን ነው።