የእህቴን መድኃኒት ይዤ ፒያሳ ደርሶ መልስ

ከደብረ ብርሃን

ጎህ ሳይቀድ ከቤቴ የወጣሁት ለመጣላት ነው፤ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ የትልቁ አንጀት ቁስለት አለባት፤ ሲነሣባት ደም ያስቀምጣታል። ሐኪም ያዘዘላትን ካፕሱል ፒያሳ ካለ መድኃኒት ቤት ገዝቼላት ተሽሏት ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ሁለተኛውን ብልቃጥ ጀመረች፤ ሕመሙም ተመለሰ። አሁን ከአልጋ ስትነሣ ግድግዳ ትደገፋለች። ሐኪሙም በዚሁ ከቀጠለ አንጀቷ ተቆርጦ ይወጣል ብሎናል። የሸጡልኝ የውሸት መድኃኒት ነው ብዬ ደመደምኩና ብልቃጡን ኪሴ ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ራስ መኮንን ድልድይ

ላምበረት ወርጄ፣ በመገናኛና በአራት ኪሎ አድርጌ ድልድዩ ጋ ደረስኩ። የታክሲው ረዳት ከታሪፍ በላይ ስለጠየቀኝ ንዴቴ ቀድሞኝ ወርዷል። ካልሲና የስልክ ገመድ በዘረጉ ነጋዴዎች መሃል እየተጋፋሁ ወደማውቀው መድኃኒት ቤት ስወጣ ሕንፃው የለም። ፈርሶ በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድና አበባ ተተክቷል። አንድ ሎተሪ አዟሪ ጠየቅሁ።

«መድኃኒት ቤቱን ነው? እሱማ ታሞ ጊዮርጊስ ጠበል ገብቷል፣ ፋዘር» አለኝ፣ በአገጩ ወደ ላይ እያመለከተ።

ወደ ላይ፣ ወደ ጊዮርጊስ ተዛውሯል ማለቱ ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ዳገቱን እያለከለክሁ ወጥቼ፣ አንድ ካፌ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ጥቁር ቡና ጠጣሁ። ሒሳቡ እኛ ዘንድ ምሳ ያበላል።

ምኒልክ አደባባይ አጠገብ

መድኃኒት ቤቱን ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ አገኘሁት። ሰልፉ ከበር ወጥቷል። ወረፋዬ ሲደርስ ብልቃጡን መስታወቱ ላይ ኳ አደረግሁት።

«የውሸት መድኃኒት ሸጣችሁ እህቴን ልትገድሏት ነው! ዱቄቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ጠመኔ ነው!»

ፋርማሲስቷ ወጣት ናት። ብልቃጡን አገላብጣ አየችና፣ «ጋሼ፣ ዱቄቱን የት አዩት?» አለችኝ።

«እህቴ ስትከፍተው ነዋ! ጾም አይደል? ቅርፊቱ ከከብት ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው ስላሏት እሱን ትታ፣ ዱቄቱን በውሃ በጥብጣ ትጠጣለች።»

ልጅቷ ብልቃጡን ወደ እኔ አዞረችው።

«ዋናው እኮ ቅርፊቱ ነው፣ ጋሼ። እንደ ጄል ያለ ነገር ነው። ጨጓራ ውስጥ አሲድ ስላለ ጭብጥ ብሎ ይዘጋል። ወደ ታች ወርዶ አሲዱ ሲጠፋ ውሃ መጥጦ ያብጥና ይከፈታል፤ መድኃኒቱ ቁስሉ ላይ ይወርዳል። ተከፍቶ ከተጠጣ ግን ቁስሉ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። ደሞ ይሄ ከከብት አይደለም፤ ከዕፅዋት ነው። ይኸው ተጽፏል።»

ጣቷን ያሳረፈችበት ቦታ ላይ ከጉንዳን ያነሰ የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። ከሱ ጎን በእስክሪብቶ፣ በትልቁ፣ «1x3» ተብሏል። ሲሸጡልኝ የነገሩኝም ይህንኑ፣ በቀን ሦስቴ አንድ አንድ ፍሬ የሚለውን፣ ብቻ ነበር። ደሜ የፈላው ያን ጊዜ ነው።

«ይቺን አንድ ቃል ብትነግሩን ምን ነበረበት?»

«ሰልፉን ያዩታል አይደል፣ ጋሼ? ለሁሉም ማስረዳት…»

«ብሩን ለመቀበልስ እንዴት ጊዜ አገኛችሁ?»

ከኋላዬ የቆሙ ቆብ ያደረጉ አዛውንት አንገታቸውን አስገቡ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ጨርቅ የሚሸጡ የወሎ ሰው መሆናቸውን በኋላ ነገሩኝ። «ምን አልሽ ልጄ? እኔም ይኸንኑ ነው የምወስድ። የአሳማ እንዳይሆን ብዬ አፍስሼ ነው የምውጠው። ኧረ አላህ ይይላችሁ!»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። አዲስ ብልቃጥ አውጥታ በአማርኛ ጻፈችበት፦ «አይከፈትም። ቅርፊቱ ከዕፅዋት ነው።» ለአዛውንቱም እንዲሁ። ይህን ለመጻፍ የፈጀባት ጊዜ ሰው አፍንጫውን ከሚናፈጥበት አይበልጥም። ከሰልፉም ያጉረመረመ አልነበረም።

ቤት

ስመለስ መሽቷል። እትዬ አስካለ ጋቢዋን ተከናንባ ተኝታለች። ብልቃጡ ላይ ያለውን አነበብኩላት፤ ልጅቷ ያለችኝንም አንድ በአንድ ነገርኳት።  ከዚያ ከአልጋው ሥር ክዳን ያለው ስኒ ጎትታ አወጣች። እስከ አፉ ባዶ ቅርፊት ሞልቶታል።

«አልጣልሽውም እንዴ?» አልኳት።

«በውድ ዋጋ የተገዛ ነገር እንዴት ይጣላል? ለፋሲካ ነው ያስቀመጥኩት። ስፈስክ እውጠዋለሁ ብዬ።»

የዚህ ጉዞ ትምህርት ይኸው ነው፤ የሚያስረዳኝ ሳላገኝ ከእንግዲህ ከየትኛውም የመድኃኒት ቤት መስኮት አልላቀቅም። ከኋላዬ ያለው ሰው ይራገም፤ ምናልባት እሱም አፍሳሽ ይሆናል። አንጀቷ ይትረፍ አይትረፍ ገና አላውቅም።

እትዬ አስካለ ከአዲሱ ብልቃጥ አንዱን ካፕሱል እንዳለ አፏ ከተተች፤ ውሃ አስከተለች። ባዶ ቅርፊት የሞላውን ስኒ ልጥለው እጄን ስዘረጋ ግን ያዘችኝ።

«አትጣለው» አለች። «ወስደህ ለዚያች ለመድኃኒት ቤቷ ልጅ አሳይልኝ።»